«ጭንቅላቴ ደርቋል» ለሚሉ

«አርጅቻለሁ፤ ጭንቅላቴ ደርቋል፤ ከእንግዲህ ፊደል አይገባኝም» የሚል ሰው ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰውነት ያረጃል። ሌላው ግማሽ ግን ስሕተት ነው።

መጀመሪያ እርጅናን እንይ። የዶርዜ ሸማኔ ጋቢ ሲጨርስ የጫፉ ክር ይገመዳል፤ ዘርፍ ይሆናል። ካልተገመደ ማጉ ይላላል፤ ጋቢው ከጫፉ ይተረተራል። ሰውነታችንም እንዲህ ያለ ዘርፍ አለው። ሰውነት የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ሴሎች ነው። በሴል ውስጥ ከእናትና ከአባት የወረስነው የዘር ክር አለ። የክሩ ጫፍ መጠበቂያ ቴሎሜር ይባላል። ሴል ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ቴሎሜሩ ጥቂት ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፈሉን ያቆማል። ኤልሳቤጥ ብላክበርን የተባሉ ሳይንቲስት በዚህ ጥናት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እኚሁ ሴት ከሌሎች ጋር ሆነው የ58 እናቶችን ደም መርምረው ነበር። ከእናቶቹ ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ የታመመ ልጅ ያስታምማሉ። ጭንቀት የበዛባቸው እናቶች ቴሎሜራቸው አጥሮ ተገኘ። ይህ በ1997 ዓ.ም. ታተመ። «ሐሳብ አስረጀኝ» የሚሉት እናቶቻችን ለካ ከእውነት አልራቁም!

ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ትንፋሽን እያዳመጡ ሐሳብን መሰብሰብ ብዙ ሰው ያረጋጋል። የአንጎልን ቅርጽ ይለውጣል የሚሉም አሉ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ስምንት ሳምንት በተለማመዱ ሰዎች አንጎል ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አላገኘም።

ንባብስ? ኮሎምቢያ በደቡብ አሜሪካ ያለች አገር ናት። እዚያ ለዓመታት ጫካ የኖሩ ተዋጊዎች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ሰላም ኑሮ ተመለሱ። በልጅነታቸው አልተማሩም። ተመራማሪዎች ጎልማሳ ሆነው ማንበብ የተማሩትን 20 ሰዎች አንጎል በመሣሪያ አነሱ። ገና ካልተማሩ 22 ሰዎች ጋርም አስተያዩ። በተማሩት ላይ፣ ለንባብ የሚያገለግሉት የአንጎል ክፍሎች ዳብረው ተገኙ። የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ድልድይም እንዲሁ። ጥናቱ የታተመው በ2002 ዓ.ም. ነው።

በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ስንት አያት ከልጅ ልጁ ጋር ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል!

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቃሉ አልያዝ ቢላችሁ አትበሳጩ። ወረቀቱን አስቀምጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ። ከዚያ ከቃሉ የመጀመሪያ ፊደል እንደገና ጀምሩ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።