ስለ ቅድመ ታሪክ ምርምርና ስለ ተማሪው ቀለብ

ትምህርት ያለ ስንቅ እንደማይዘልቅ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኵፋዳውን አንግቶ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር፤ ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ከሦስተኛው መምህር ሲማር፤ ያኖረው የመንደሩ ሰው ቍራሽ ነበረ። ቍራሹ ባይኖር መምህሩ ብቻውን ይቀር ነበረ እንጂ ደቀ መዝሙር ባላገኘም ነበረ። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ፤ በዛሬ ዘመን ቀለብ ተቈርጦለት የሚሰጥ የዶክትሬት ምርምር ቦታ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስተዋል አይቸግረውም። ነገሩ ያው የተማሪ ቀለብ ነው፤ ልዩነቱ በዩኒቨርሲቲ ወይም በመንግሥት ቃል ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት የተረጋገጠ መሆኑ ነው።

በቅድመ ታሪክ አርኪዮሎጂ፤ ይኸውም ጽሕፈት ከመገኘቱ አስቀድሞ የነበሩትን ሰዎች በድንጋይ መሣሪያቸውና በአጥንታቸው በሚመረምረው ትምህርት፤ የኢትዮጵያ ነገር የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። የሚመረመረው ምድር እዚህ ነው፤ የተማሪው ቀለብ ግን የሚቈረጠው አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ማዶ ነው።

በደሴ ከተማ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ፣ ከኮምቦልቻም በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚሄድ መንገደኛ፤ ከደጋው ብርድ ወጥቶ የአዋሽ ሸለቆ ቈላ ውስጥ ይገባል። ሐዳርና ጎና የሚገኙት በዚያ ነው። እነዚህ ስፍራዎች ቀድሞ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበሩ ሲሆኑ ዛሬ በአፋር ክልል ውስጥ ናቸው። ሐዳርን ለሳይንስ ዓለም ያስታወቁት ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሞሪስ ታይብ ናቸው፤ ድንቅነሽም ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በዶናልድ ጆሃንሰን ጓዶች የተገኘችው በዚያው ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላት ተመርምሮ ሲታወቅ ዓለም ሁሉ ስሟን ጠራ። በዚያ ዘመን ግን ከኢትዮጵያ ልጆች መካከል በዚህ ትምህርት የዶክትሬት ማዕርግ የያዘ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጥቂቶች ቀለብ አግኝተው በተማሩ ጊዜ የተገኘው ፍሬ ምን ያህል እንደ ሆነ መዘርዘር ይጠቅማል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የውጭ አገር ቡድኖች የሜዳ ምርምር በመንግሥት ትእዛዝ ለዓመታት ታግዶ ነበረ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተማሩት ዶክተር ብርሃነ አስፋው ወደ አገር ተመልሰው ከባህል ሚኒስቴር ባልደረቦች ጋራ ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገሪቱን የቅድመ ታሪክ ስፍራዎች መዝገብ ሲያዘጋጁ፤ በደቡብ የሚገኘው የኮንሶ ስፍራ ተገኘ። በ1987 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ በአራሚስ፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላት የአርዲ አጥንት በመጀመሪያ የታየው በዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ዓይን ነው፤ እርሳቸውም በዚያ ጊዜ የበርክሌይ ተማሪ ነበሩ። ስለሺ ሰማው በአሜሪካ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲማሩ በጎና የተቈፈሩትን የድንጋይ መሣሪያዎች መርምረው፤ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት የማያንስ ዕድሜ እንዳላቸው በ1989 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋራ ለዓለም አስታወቁ። እስከዚያ ቀን ከታወቁት መሣሪያዎች ሁሉ የሚቀድሙ ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በሌዲ ገራሩ፤ አምስት ጥርስ የያዘውን የ2.8 ሚሊዮን ዓመት የመንጋጋ አጥንት ያገኙት ቻላቸው ሥዩም፤ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ።

እንግዲህ አርዲን ያዩት፣ የጎናን ድንጋይ ያስረዱት፣ የሌዲ ገራሩን መንጋጋ ያነሡት፤ ሦስቱም ሥራውን የፈጸሙት በተማሪነታቸው ወራት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ቀለቡን የሰጠው ግን የባዕድ አገር ትምህርት ቤት ነበረ። ስለዚህም ዛሬ ዶክተር ዮሐንስ በአሪዞና፣ የዲኪካዋን ሰላምን ያገኙት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በቺካጎ፣ ዶክተር ስለሺም በስፔን በቡርጎስ ወንበር ይዘው ይገኛሉ። ሰዎቹ አይወቀሱም፤ በየዓመቱም ወደ ሜዳው ይመለሳሉ። የሚያሳዝነው በአገራቸው የተዘጋጀ በቂ ወንበር ያለመኖሩ ነው።

ይህ ትምህርት በችኰላ የሚፈጸም አይደለም። ተማሪው በመጀመሪያ በእጅ የተጠረበውን ድንጋይ በወንዝ ተንከባልሎ ከተሰበረው ለይቶ ማወቅን፤ ይህንንም በምቱ ስፍራ ካለው እብጠትና ከፍንካቹ ዱካ መረዳትን ይማራል። ቀጥሎም በንብርብሩ አፈር መካከል ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ያጠናል፤ በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፤ የጋዙ መጠን ተለክቶ የዘመኑ ቍጥር ይታወቃል። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ካህን ዘመን ያለ ሥርዐት እንደማይቈጠር ያውቃልና፤ ይህም የራሱ የአቈጣጠር ሥርዐት ያለው መሆኑን ለመመልከት የሚቀድመው የለም። ልኬቱም እስከ አሁን በአብዛኛው የሚፈጸመው በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ነው። ሜዳውም በበጋ ብቻ የሚሠራበት ስለ ሆነ፤ አንድ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ የሚያገኘው የቍፋሮ ወራት ጥቂት ነው። ቀለቡ በሁለተኛው ዓመት ቢቋረጥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

«ሕዝቡ ውሃና ሐኪም ሲፈልግ ስለ ድንጋይ ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሹም አይታጣም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በተለይም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሙዚየም ንብረት ተዘርፎና ተበላሽቶ ስለ ነበረ፤ መጀመሪያ ወንበሩና መስኮቱ ይጠገን ማለት እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ወይም የሁለት ተማሪ ቀለብ የሐኪም ቤትን በጀት የሚያጐድል አይሆንም፤ ሕንፃው ቢታደስም መርማሪ ከሌለበት ባዶ ቤት ነው። ደግሞም ፍለጋው በአፋር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአማራ ክልል በመተማ አጠገብ በሽንፋ ወንዝ ዳር፤ 74 ሺሕ ዓመት ያህል ያለፈው የሰዎች ሰፈር ተቈፍሮ፤ ነዋሪዎቹ በድርቅ ወራት ዓሣ በማጥመድ እንደ ኖሩ በ2016 ዓ.ም. ታትሟል። ዓይን የተማረለት ሰው ሲኖር ምድሩ ይናገራል።

ስለዚህ የሚከተለው ቢደረግ መልካም ነው። አንደኛ፤ በደሴና በኮምቦልቻ የሚያስተምረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሰመራ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተስማምቶ፤ ከደጋውም ከአፋርም ልጆች የሚወዳደሩበት፣ ለአራት ዓመት ቀለቡ የተረጋገጠ የቅድመ ታሪክ ዶክትሬት ቦታ ይክፈት። አጥንቱንና ድንጋዩን በመፈለግ መንገድ የሚመሩት የአፋር ሰዎች ናቸውና፤ ልጆቻቸው ከትምህርቱ ቢቀሩ ፍርድ ይጓደላል። ሁለተኛ፤ ለመኪና፣ ለውሃ፣ ለጥበቃና ለቤተ ሙከራ ልኬት የሚሆነው ገንዘብ ከቀለቡ ተለይቶ ይመደብ፤ ተማሪው ከጕርሱ ቀንሶ ጕድጓድ እንዳይቈፍር። ሦስተኛ፤ ለምርምር ፈቃድ የሚጠይቅ የውጭ አገር ቡድን ሁሉ፤ አንድ ኢትዮጵያዊ እስከ ዶክትሬት የሚያስተምርበትን ቦታ አብሮ እንዲያቀርብ የቅርስ ባለሥልጣን በውል ያስገድድ። አራተኛ፤ ተማሪው ሲጨርስ የሚቀመጥበት የመምህርነት ወንበር ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ይሰጠው፤ ያለዚያ ቀለቡ ለባዕድ አገር ሊቅ ማሳደጊያ ሆኖ ይቀራል።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ለቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቈፈር፣ ዋሻ ሲጠረግ፣ እንግዳ ድንጋይ ወይም ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት ሲወጣ፤ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነርሱን ነው። ሳይሰበርና ሳይሸጥ በስፍራው እንዲቈይ አድርገው ለሹም ቢያመለክቱ፤ ብራና ከእሳት እንዳዳኑ ይቈጠርላቸዋል።

የቧንቧ ውሃ ሰፈር በስሙ አንድ ነገር ያሳስባል። ቤቱን ውሃ የሚያጠጣ ሰው አንድ ቀን አንድ እንስራ ቀድቶ አያርፍም፤ ከምንጩ እስከ ደጁ ቧንቧ ይዘረጋል እንጂ። አንድ ዕድለኛ ተማሪ ወደ ባሕር ማዶ መላክ እንስራውን አንድ ጊዜ እንደ መሙላት ነው፤ በአገር ውስጥ ጸንቶ የሚኖር የምርምር ቦታ ማቆም ግን ቧንቧውን መዘርጋት ነው። ምንጩ ከኮምቦልቻ በታች በአዋሽ ሸለቆ እንዳለ ታውቋል፤ የቀረው የባለሥልጣኖቹ ፈቃድና ፊርማ ነው።