ሰባቱን ከዋክብት ሳላያቸው ገጠምኩላቸው

ከዓመታት በፊት ስለ ሰባቱ ከዋክብት አንድ ግጥም ጽፌ ነበር። «የማይለያዩ እኅትማማቾች» ብዬ አወደስኳቸው፤ ወዳጆቼም አጨበጨቡልኝ። ግጥሙን ስጽፍ ግን ቀና ብዬ ሰማዩን እንኳ አላየሁም። ቀን ቀን በባንክ ቤት ሒሳብ ሲያመሳክር የሚውል ሰው፣ ማታ ሳያመሳክር መጻፉ አይገርምም?

በአንድ የመስቀል ሰሞን የአጎቴ ልጅ ከውጭ አገር ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዞ ወልቂጤ ገባ። ክትፎው ተበልቶ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ከተኙ በኋላ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም ጓሮ ተከልነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት እንኳ ሳናማርር ቀረን።

በባዶ ዐይኔ ስቆጥር ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛዋን አላገኘኋትም። በቴሌስኮፑ ሳይ ግን መቁጠሩን ተውኩት። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው መጽሐፉ 36 ነድፏል፤ የዛሬ ጠበብት ከ1000 በላይ እንደሆኑ ደርሰውበታል። ርቀታቸው 440 የብርሃን ዓመት ያህል ነውና፣ ያን ሌሊት ዐይኔ የገባው ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው።

እኅትማማቾች ማለቴስ ልክ ነበር። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ ደመና ተወልደዋል። «የማይለያዩ» ማለቴ ግን ሐሰት ነው። እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ልል በመሆኑ፣ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመታት ሲያልፉ ይበታተናሉ። ፀሐያችንም ከእንዲህ ያለ ዘለላ ወጥታ ብቻዋን የቀረች እንደሆነች ይታመናል። ቴሌስኮፑን የከበብነውም አንዱ ከመርካቶ፣ አንዷ ከሐዋሳ፣ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጣን ነበርን፤ በሳምንቱ ግቢው ባዶ ሆነ። እውነተኛው ግጥም እዚያ ነበር፤ እኔ ግን አልፌው ሄጄ ነበር።

«ሳይንስ ቅኔን ያደርቃል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ቅኔን የሚያደርቀው ሳያዩ መጻፍ ነው። ቦረናዎች ይህን ዘለላ ቡሳን ይሉታል፤ ከጨረቃ ጋር ያለውን አቀማመጥ እያዩ ወራቸውን ይቆጥሩበታል። እነርሱ አይተዋል፤ እኛ የከተማ ገጣሚዎች «ኮከቤ» ማለትን ከዘፈን ተውሰን እንደጋግማለን።

በእንጦጦ ተራራ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የሚያኮራ ነው። ለሰባቱ ከዋክብት ግን ትልቅነት አይረዳም፤ ዘለላው የሙሉ ጨረቃን አራት እጥፍ ያህል ወርድ ስለሚይዝ በትልቅ ቴሌስኮፕ ጠባብ እይታ ውስጥ አይገባም። የሚሻው አነስተኛ መሣሪያና ጨለማ ነው። ጨለማውስ ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ዳርቻ ገና አልጠፋም። የትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበባት ለሽልማት ከሚያወጡት ገንዘብ ቀንሰው አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ቢገዙ እመርጣለሁ። በታኅሣሥ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ዘለላው ከአናት በላይ ነው።

የድሮ ግጥሜን አልቀደድኩትም። «የማይለያዩ» የምትለዋን ቃል ሰርዣታለሁ፤ በቦታዋ የሚገባ ቃል ግን እስካሁን አላገኘሁም።