የሐበሻ ቀሚስ እድፍ በችኮላ አይለቅም

ጥምቀት በመጣ ቁጥር በጎንደር ከተማ ነጩ ልብስ ከሣጥን ይወጣል። ታቦታቱን እስከ ፋሲለደስ መዋኛ አጅበን፣ ለቃና ዘገሊላም ቤት ለቤት ተጠራርተን፣ የወጥ ፍንጣሪና የጧፍ ሰም ይዘን እንመለሳለን። ማታ ደክሞን ወደ ፍል ውሃና ወደ በረኪና እንሮጣለን፤ ጉዳቱም ከዚያ ይጀምራል። እኔ ራሴ የእናቴን ነጠላ በበረኪና ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ ጠዋት ጥለቱ ወይቦ፣ ድሩ ሳስቶ አግኝቼዋለሁ። ለደመወዝተኛ እናት ደግሞ አንድ የሐበሻ ቀሚስ የወራት ቁጠባ ነው።

እድፉ ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያደረጋችሁ አስመጥጡት እንጂ አትሹት። ቀጥሎ በሳሙና ውሃ የራሰ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ጀርባ ላይ ጫን አድርጉ። ቀለሙ ከለቀቀ ጥለቱን ሳትነክሩ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ እጠቡ።

የዶሮ ወጥ ሲሆን ቅቤውን እንዲመጥ ዱቄት ነስንሱበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አራግፋችሁ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀቡትና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ።

የአልጫ እርድ ሳሙና ሲነካው ቢቀላ አትደንግጡ። ደጋግማችሁ አለቅልቁና ጥለቱን በጨርቅ ሸፍናችሁ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም።

የጧፍ ሰም እስኪደርቅ ጠብቃችሁ በማንኪያ ጫፍ ቀርፉት። የቀረውን ከላይና ከታች ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ብዙ ባልጋለ ካውያ ተኩሱት፤ ሰሙ ወደ ወረቀቱ ይገባል። ጋዜጣ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ይለቃል።

ደምና ወተት በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ፤ ፍል ውሃ ከጨርቁ ጋር ያጣብቃቸዋል።

በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

የደጋ እናቶቻችን ሸማ ሲያነጡ የኖሩት በእንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል አረጋግጠዋል። ዓሣም ስለሚገድል እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ፤ ከዓይናችሁም አርቁት።

በመጨረሻ ሸማውን ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን አስመጥጡ። የዛሬው ትዕግሥት ቀሚሱን ለልጃችሁ ሠርግ ያደርሰዋል። እስከሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ሁኑ።