የግማሽ ኪሎው ሸማች ተረስቷል

የአዲስ አበባ የሥጋ ገበያ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ በሬ ነው። በዓል በደረሰ ቁጥር የሰንጋ ዋጋ ይዘገባል፤ ነጋዴውም ደላላውም ዓይኑን ከበረቱ አይነቅልም። ግማሽ ኪሎ አስመዝኖ የሚሄደውን ሸማች ግን ከቁጥር የሚያስገባው የለም። ለሦስትና ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩ የኮሌጅ ተማሪዎች ከዚህ ወገን ናቸው።

እነዚህ ወጣቶች «ጎመን በጤና» ብለው ሥጋ ቤቱን አልፈው ይሄዳሉ፤ ማታም ሽሯቸውን ያንተከትካሉ። ይሁን እንጂ ሒሳቡ በወጉ ሲሠራ እራታቸውን የሚያስወድደው ሥጋው ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ቀይ ወጥ ቢታሰብ፣ ባለሙያ የሚባለው ሰው ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ኪሎ ያህል ሽንኩርት ይከትፋል። ዘይቱና በርበሬው በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ድስቱም ከእሳት ቶሎ አይወርድም። ተማሪው ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ከሰሉን በላስቲክ ስለሚገዛ፣ በሊትርና በኪሎ ሲሰላ በጆንያ ከሚያስገባው ቤተሰብ የበለጠ ይከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዘይት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ጭማሪም በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚመጣ ነው።

በመሆኑም ለተማሪ የሚያዋጣው ጎመን በሥጋ ነው። ሥጋውና ማባያው በአንድ ድስት፣ በአንድ እሳት ይበስላሉ። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ጎድን፣ ሁለት እስር ጎመን፣ አንድ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ይበቃዋል። ጎድኑ ከነአጥንቱ ደቀቅ ብሎ ከተመታ ቶሎ ይበስላል፤ መረቁ ደግሞ ለጎመኑ ቅባትም ጣዕምም ስለሚሆን ዘይቱ ይቀንሳል። ከጎኑ ቅቅል ድንችና ስንግ ቃሪያ ሲቀርብ፣ እንጀራው ከጉልት ሲመጣ፣ የተሟላ እራት ነው። ከግማሽ ኪሎው ሲሶው አጥንት ቢሆን እንኳ ለአንድ ሰው ከ80 ግራም በላይ ሥጋ ይደርሰዋል። ምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ የሚያዝ ሰው ከሥጋው ሌላ የቤቱን ኪራይ፣ የአስተናጋጁን ደመወዝና፣ ቤቱ የተመዘገበ ከሆነ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚከፍል መዘንጋት የለበትም።

ችግሩ ያለው ከሚዛኑ ወዲያ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ዓይኑ ለጥሬ ሥጋ በሚፈለገው ሽንጥና ዳቢት ላይ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ጎድን መምታት ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። የወጥ ሥጋውንም ከየብልቱ አደባልቆ በአንድ ዋጋ ይመዝናል። ጎድንና ፍርምባ ለብቻቸው ዋጋ ወጥቶላቸው በሰሌዳ ቢለጠፉ ተማሪው በኪሱ ልክ ይመርጣል፤ ሻጩም ጥሬ ሥጋ በላተኛው የማይነካውን ብልት በቶሎ ያራግፋል።

ነጋዴው በተለይ ሊያስብበት የሚገባው የማክሰኞና የሐሙስ ምሽት ነው። ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር የኦርቶዶክስ ምእመናን ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ ለብቻው ነው። ማክሰኞ ማታ ያልተሸጠ ጎድን ቢያንስ እስከ ሐሙስ ገዢው ይሳሳል፤ እስከዚያም ክብደቱ ይቀንሳል፣ መልኩ ይጠቁራል። ይህን በማግስቱ ከመቁጠር ይልቅ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በግማሽ ኪሎ ጠቅልሎ ዋጋ ቀንሶ መሸጥ ኪሳራ አይባልም። ለጿሚው ተማሪም ድስቱ በዚያው ምሽት ማለቅ ስላለበት የሚፈልገው ትንሹን ጥቅል ነው።

የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች አብረው በተከራዩበት ክፍል ግን ይህ ስሌት አይሠራም። እርዱ የተለያየ ስለሆነ ድስቱም ይለያያል፤ ግማሹ ኪሎ ለሁለት ይከፈላል፣ እሳቱ ግን ሁለት ይሆናል። እንዲህ ላሉት ጎመኑን በጋራ ቀቅለው ለየራስ ሩብ ሩብ ኪሎ ማስመዘን ነው የሚሻላቸው፤ ሩብ ኪሎ ጎድን ሳያጉረመርም የሚመዝን ባለ ሥጋ ቤት ከተገኘ።