አምፖሉን ማውለቅ ፍሬንን መጠገን አይደለም

በአሮጌ አውቶሞቢል የሚገለገል ሰው ሁሉ በመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የምትበራውን ቢጫ መብራት ያውቃታል። በክብ ውስጥ በላቲን ፊደል «ኤቢኤስ» ተብሎ የተጻፈባት ናት። ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ ትበራና ትጠፋለች፤ ልማዷ ይህ ነው። አንድ ቀን በርታ አልጠፋም ያለች እንደ ሆነ ግን ለባለ መኪናው ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ምክንያቱን መመርመር ነው። ሁለተኛው በየጋራዡ በር በርካሽ የሚገኘው መንገድ ነው፤ ይኸውም ሰሌዳውን ፈትቶ አምፖሉን ማውለቅ ወይም በላዩ ጥቁር ፕላስተር መለጠፍ ነው። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መንገድ ዛሬ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ጉዳዩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ቀደም ብሎ የገባው መኪና ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተላለፈ ገና ብዙ ዘመን በመንገድ ላይ ይኖራል ማለት ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ የመጀመሪያ መኪናውን የሚገዛ ወጣት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በዕድሜ የሚተካከለውን ቶዮታ ነው።

የዚህ ሥርዓት ሥራ ምንድር ነው? ሾፌር ደንግጦ ፍሬን በኃይል በረገጠ ጊዜ ጎማው መዞሩን ያቆምና በመንገዱ ላይ ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ ለመሪ አይታዘዝም፤ መሪው ወደ ግራ ቢጠመዘዝም መኪናው ፊት ለፊት ይነጉዳል። ይህን ለመከላከል የእንግሊዙ ደንሎፕ ኩባንያ ማክሳሬት የተባለውን መሣሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለአውሮፕላን ጎማ ሠርቶ ነበር። በኤሌክትሮኒክ የሚሠራው የቦሽ ሥርዓት በ1978 በመርሴዲስ ቤንዝ ኤስ ክላስ ላይ ተገጠመ፤ ከዚያም ዓመት በዓመት ወደ ተራው ሰው መኪና ወረደ።

አሠራሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በየጎማው ማዕከል ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ከጎማው ጋር ይዞራል። ከእርሱም አንድ ሚሊሜትር ያህል ራቅ ብሎ ማግኔትና የተጠቀለለ ሽቦ ያለበት ሴንሰር ተቀምጧል። ጥርሶቹ በፊቱ ባለፉ ቁጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይወለዳል። ኮምፒውተሩ የአራቱን ጎማዎች ምት እየቆጠረ ያስተያያል፤ አንደኛው ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት የዘገየ እንደ ሆነ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ይይዛል፥ ይለቅቃል፥ መልሶም ይሰጣል። ይህንንም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። ፔዳሉ ከእግር በታች የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ሾፌር መንቀጥቀጡ ሲሰማው ፍሬኑ የተበላሸ መስሎት እግሩን ያነሣል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንደ ረገጡ መጽናት ነው የሚገባው።

እርግጥ ሥርዓቱ ተአምር አይሠራም። በጠጠር መንገድ ላይ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት ሊያስረዝመው ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያለ ዕረፍት እየረገጠ ሸራውን ያጋለው እንደ ሆነ ኤቢኤስ አያድነውም፤ የሚያድነው ከባድ ማርሽ ነው። ጥቅሙ የሚታየው በክረምት ነው፤ አስፋልቱ ርሶ ሳለ አንድ ልጅ ድንገት ወደ መንገድ ሲገባ ሾፌሩ ፍሬን እንደ ረገጠ መሪውን አዙሮ ሊያልፈው ይችላል።

አምፖሉን የሚያወልቁ ሰዎች «ቢጫዋ ብትበራም ፍሬኑ ይይዛል፤ ምን አስጨነቀን?» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ቢጫዋ ብቻዋን የበራች እንደ ሆነ ተራው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ነው። ቀዩ የፍሬን መብራት ብቻውን ሲበራ ግን የእጅ ፍሬኑ አልተለቀቀም፥ ወይም የፍሬኑ ዘይት ጎድሏል ማለት ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ካልጠፋ መንገዱን ማቋረጥ ይገባል። ሁለቱ አብረው ከበሩ በብዙ መኪናዎች በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ግፊቱን የሚያከፋፍለውም ሥራ ቆሟል፤ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ሊንሸራተቱና መኪናው ሊሽከረከር ይችላል። እንግዲህ ዛሬ ለትንሽ ጉድለት አምፖሏን ያወለቀ ሰው ነገ ትልቁ ጉድለት ሲመጣ የሚነግረውን ምስክር በገዛ እጁ አስወግዷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። መኪናውን ሊሸጥ የፈለገ ሰው የቢጫዋን ሽቦ ከዘይት ወይም ከባትሪ መብራት ጋር ያገናኘዋል፤ ገዢውም ስትበራና ስትጠፋ አይቶ ይደሰታል። ስለዚህ መኪና የምትገዙ ወጣቶች ቁልፉን ወደ ሁለተኛው ደረጃ አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ጥቂት ቆዩ። ጤናማ ሥርዓት ራሱን መርምሮ ሲጨርስ ቢጫዋ ሞተሩ ሳይነሣ ራሷ ትጠፋለች፤ የዘይቱና የባትሪው መብራት ግን እንደ በሩ ይቆያሉ። ጨርሳ ያልበራች እንደ ሆነ፥ ወይም ከእነርሱ ጋር እኩል የበራችና እኩል የጠፋች እንደ ሆነ፥ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ።

ለመሆኑ ሰው አምፖል ወደ ማውለቅ የሚሄደው ለምንድር ነው? በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት ተስፋ መቁረጥ ነው። መካኒኩ ሳይለካ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ይለዋል፤ የዕቃው ዋጋ ሲነገረው ይደነግጣል። ከሶማሌ ተራ አሮጌውን ገዝቶ ያስገጥማል፤ መብራቷ ግን እንደ ገና ትበራለች። ነገሩ ግን በአሮጌ መኪና ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ጭቃና ውሃ ከሚመታው ከጎማው አጠገብ ነው። ስለዚህ ለመካኒክ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ኮምፒውተሩ ያገኘውን ጉድለት በቁጥር ይመዘግባል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ቁጥሩን ለማንበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በምርመራው ሶኬት ላይ «ቲሲ» እና «ኢ1» የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በትንሽ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ማዞር ነው። ቢጫዋ ራሷ እየጠቀሰች ቁጥሩን ትናገራለች። ሦስት ጊዜ ጠቅሳ፥ ጥቂት አርፋ፥ አንድ ጊዜ የጠቀሰች እንደ ሆነ 31 ነው፤ የቀኝ የፊት ጎማ ማለት ነው። 32 የግራ የፊት፥ 33 የቀኝ የኋላ፥ 34 የግራ የኋላ ነው። ቀዳዳውን መሳሳት ግን ሌላ ዕቃ ያቃጥላልና የመኪናውን መጽሐፍ ሳያዩ መነካካት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ቁጥሩ መንደሩን ያመለክታል እንጂ ቤቱን አያመለክትም። 31 ማለት በቀኝ የፊት ጎማ መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው፤ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ሽቦው መሪ በዞረ ቁጥር ስለሚታጠፍ በውስጡ ሊበጠስ ይችላል። ሴንሰሩ ማግኔት ስላለው ከፍሬን ዲስክ የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ይሰበስባል፤ አውልቆ በጨርቅ መጥረግ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ኩሽኔታው የላላ እንደ ሆነ ቀለበቱ እየተወላገደ ይዞራል። ሁሉ ደኅና ሲመስል ሽቦውን ከሶኬቱ ነቅሎ በቴስተር መለካት ነው፤ በብዙዎቹ አሮጌ ሴንሰሮች ከ800 እስከ 2,500 ኦም ገደማ ይገኛል። ትክክለኛውን ልክ የፋብሪካው መጽሐፍ ይናገራል፤ መጽሐፉ ከሌለ ግን ግራውን ከቀኙ ጋር ማስተያየት ብዙ ያስተምራል። እየለኩ ሽቦውን ማወዛወዝም አይረሳ፤ ቁጥሩ ከዘለለ የተበጠሰው እዚያ ነው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሩ መግባት ግን ከፍሬን ጉድለት ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል።

ቀለበቱ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በብዙ መኪናዎች የፊተኛው ቀለበት በሲቪ ጆይንቱ ላይ ተጠቅጥቆ የገባ ነው። ከሥሩ ዝገት ሲያብጥ ይሰነጠቃል፤ አንድ ጥርስም ሲጎድል ኮምፒውተሩ ጎማው የቆመ ይመስለዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በደረቅ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳ፥ ልክ ሊቆም ሲል፥ ፔዳሉ ያለ ምክንያት ይንቀጠቀጣል፤ መኪናውም ጥቂት ገፋ ብሎ ይቆማል። ቢጫዋ ግን ላትበራ ትችላለች። የመጋጨት አደጋ የሚያመጣ በመሆኑ ከሁሉ የሚያስፈራን ይህ ነው። ሲቪ ጆይንቱ በአዲስ ሲለወጥ ደግሞ ቀለበት የሌለው፥ ወይም የጥርሱ ቁጥር የተለየ፥ በስሕተት ይገባል። ዕቃው ከመገጠሙ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥርሱን መቁጠር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከጎማው ሌላ የሚታዩት ቀላሎች ናቸው፤ ፊውዝ፥ የደከመ ባትሪ ወይም ዲናሞ፥ የፍሬን መብራት ስዊች፥ ጎሚስታው ሳያስተውል ከሌሎቹ የተለየ መጠን ያለው አንድ ጎማ። የፍሬን ዘይትም ውርዛት ከአየር ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ ውድ የሆኑትን ቫልቮች ከዝገት ያድናቸዋል። ኮምፒውተሩና ፓምፑ የሚጠረጠሩት እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ የተመዘገበው ቁጥር መሰረዝ አለበት። በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ላይ ሽቦው በሶኬቱ እንዳለ፥ ቁልፉም እንደ ተከፈተ፥ ፍሬኑን ፈጠን ፈጠን እያደረጉ ስምንት ጊዜ መርገጥ ነው። ከዚያ ሽቦውን አውጥቶ፥ የወለቀውን አምፖል ወደ ቦታው መልሶ፥ ሰው በሌለበት ሜዳ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዱ አንድ ጊዜ ፍሬኑን በኃይል መርገጥ ይገባል። ፔዳሉ ተንቀጥቅጦ ቢጫዋ ሳትበራ ከቀረች ሒሳቡ ለመካኒኩ ይከፈል።