ከብቱን በተራ እንጠብቅ፣ ልጁን ትምህርት ቤት እንላክ

እንደሚታወቀው በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በዳባትም ሆነ በደባርቅ ወይም በጃናሞራ፣ የአርሶ አደሩ ልጅ ሥራ የሚለምደው ገና በለጋ ዕድሜው ነው። ጥጃ ያግዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ኩበት ይለቅማል። ልጅ ከትምህርት መልስ ወላጁን ቢያግዝ ሙያ መማር ነውና የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ሥራው ልጁን ከትምህርት ገበታ ሲያስቀረው፣ ጤናውን ሲጎዳው ወይም በእህል ተዋውሎ የሰው እረኛ ሲያደርገው ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ባካሄደው ጥናት በአገራችን 16 ሚሊዮን የሚጠጉ ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በማይገባቸው ሥራ ላይ ተሠማርተው ተገኝተዋል። አብዛኞቹም ያሉት በእርሻና በከብት ጥበቃ ላይ ነው።

ሕጉ ተጽፏል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። 15 የሞላው ወጣትም ቢሆን 18 ዓመት እስኪሆነው ድረስ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት እንዲሠራ አይፈቅድም። ይሁን እንጂ አባት የራሱን ልጅ ከብት ሲያስጠብቅ ቢያውል አዋጁ አይደርስበትም። ተቆጣጣሪውም ተራራ ለተራራ እምብዛም አይዞርም። ስለዚህ ሕጉ በማይደርስበት መንደር መድረስ የሚችለው የገበሬ ማህበሩ ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ የሚደርሰውም በዚያው ሰሞን ነው። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ስለሚረግፍ አሠሪው ሰው አጥብቆ ይሻል፤ ደላላም እስከ ደጋው ይመጣል። ወጣቱም ደብተሩን አስቀምጦ ይወርዳል። የደጋ ልጅ ሰውነቱ ወባን አልለመደም። ከዚያም ሌላ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር አለ። ካላዛር ሳይታከም ከቀረ የሚገድል በሽታ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ከሚያገኙት ውስጥ ብዙዎቹ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ የወረዱ ናቸው። ልጁ ያመጣው ገንዘብ ለሕክምና ከዋለ የቤቱ ትርፍ ምንድን ነው?

ሴት ልጆችም አሉ። «ከተማ ወስጄ ላስተምርልህ» ተብለው ጎንደር ከተማ ከገቡ በኋላ ሕፃን አዝለውና እንጀራ ሲጋግሩ የሚውሉ፣ ትምህርት ቤቱን በሩቁ የሚያዩ ጥቂት አይደሉም።

አንዳንድ አባቶች «እኛስ በእረኝነት አይደል ያደግነው?» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን እነርሱ ያደጉበት ዘመን መሬት ይገኝ ነበር። ዛሬ አንዱ ማሳ ለአምስት ልጅ ቢከፈል ለአንዱም አይበቃም። በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ የተሻለ ምርት ለማግኘት የማዳበሪያውን መጠን ማስላት፣ በፀረ ተባዩ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። መሬት ያልደረሰው ልጅ ደግሞ ከትምህርት በቀር የሚወርሰው የለም።

ታዲያ ከብቱን ማን ይጠብቅ? መልሱ ከገበሬው ባህል የራቀ አይደለም። ወንፈልና ደቦ ያለው ሕዝብ እረኝነትንም በተራ ማድረግ ይችላል። 30 አባወራ ባለበት መንደር በየቀኑ ሁለት አዋቂ ቢሰማራ ለአንድ ቤት ተራው የሚደርሰው በ15 ቀን አንዴ ነው። አቅም የሌላት ባልቴት ወይም እማወራ ተራዋን ጎረቤት ይሸፍንላት። ከንክኪ ነፃ የተደረገውን ተራራ ሣር አጭዶ ከብቱን በበረት መቀለብም የእረኛ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ አፈሩም አይሸረሸርም፣ ፍጉም ይጠራቀማል።

ከዚህ ጋር መሪዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ በነሐሴ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱትን ልጆች ቤት ለቤት መመዝገብ፣ በጥር ደግሞ ማን እንደቀረ ከመምህራኑ ጋር ማመሳከር። ሁለተኛ፣ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ወደ ሰሊጥ እንዳይወርድና በዓመት ውል እረኛ እንዳይቀጠር በጉባዔ መተዳደሪያ ደንብ ማውጣት። ሦስተኛ፣ ወደ ከተማ የምትሄደውን ልጅ ማን እንደወሰዳትና ትምህርት መግባቷን መከታተል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ እንደነበር፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ ይታወቃል። ይህን ገበሬ ማህበር ብቻውን አይፈታውም። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁ በመንደሩ መገኘት አለበት። ተቀጥሮ የሄደ ልጅ መመለሱ አስቸጋሪ ነውና።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የገበሬ ማህበራት ዳስ ጥለው፣ ሽማግሌውን ሳይቀር ከሥራ አስፈትተው ፊደል አስቆጥረዋል። ለአያት ጊዜ የተገኘለት ትምህርት ለልጅ ልጅ ጊዜ ሊጠፋለት አይገባም። የእረኝነቱ ተራ በመጪው ጉባዔ ይወሰን።