ስኳር የሌለው ወይን ጠጅና የስኳር ሕመም



በዓል ሲቃረብ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አይጠፋም። ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን እናት ልጃቸው ከአቴንስ ያመጣችላቸውን ነጭ ወይን ጠጅ አሳዩኝና «እሳተ ገሞራ ካለበት አገር የበቀለ ነው፣ ማዕድን አለው፣ ስኳር ደግሞ የለውም፤ አንቺ ይስማማሻል ብላኛለች። እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኚህ እናት ለስኳር ሕመማቸው መድኃኒት ይወስዳሉ። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚህ ላካፍላችሁ።

ወይን ጠጁ የሳንቶሪኒ ነው። ሳንቶሪኒ በኤጂያን ባሕር ላይ ያለች የግሪክ ደሴት ናት። የዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ ተራራዋ ፈንድቶ መካከሏ ወደ ባሕር ሰጠመ፤ የቀረው መሬት በአመድና ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ተሸፈነ። ዝናብ ጥቂት ነው፤ ነፋሱ ግን ብርቱ ነው። ስለዚህ ገበሬዎቹ የወይኑን ሐረግ ወደ ላይ አይሰቅሉትም። እንደ ሌማት ክብ አድርገው መሬት ላይ ይጠመጥሙታል፤ ፍሬው በመካከሉ ተጠልሎ ከነፋስና ከፀሐይ ይድናል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓን የወይን እርሻ ያወደመው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ እንኳ ሸክላነት የሌለው የዚህች ደሴት አፈር አልተመቸውም። ስለዚህ ወይኖቹ ዛሬም በራሳቸው ሥር ይበቅላሉ፤ በሌላው የአውሮፓ ክፍል ግን አብዛኛው ወይን ተባዩን በሚቋቋም ሥር ላይ የተዳቀለ ነው።

ነጩ ወይን ጠጅ ከሦስት የወይን ዓይነቶች ሊቀየጥ ይችላል። አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው አሲርቲኮ ነው፤ በሙቀት መካከል እንኳ ሳይበስል እንደተቆረጠ ሎሚ ኮምጣጣነቱን አይለቅም። አቲሪ ለስለስ ያደርገዋል፣ አይዳኒ ደግሞ የአበባ መዓዛ ይጨምርለታል። የገበሬዎቹ ድካምና ብልሃት ያለበት ስለሆነ ጠርሙሱን አላንቋሽሽም። ነገር ግን ሙያ ሙያ ነውና ሁለቱን አባባሎች ልያቸው።

አንደኛው «ማዕድን አለው» የሚለው ነው። የወይን ሥር ድንጋይ ጠጥቶ ወደ ብርጭቆ አያመጣም። እንዲያውም የሳንቶሪኒ አፈር በፖታሲየም ድሃ ነው፤ የወይን ጠጁ ኮምጣጣነት አንዱ ምክንያትም ይኸው እጥረት ነው። ቀማሾች «የድንጋይ ጣዕም» የሚሉት ስለ ምላስ እንጂ ስለ ደም አይናገርም። ለማዕድን ሲባል ምስርና ጎመን ይበላል እንጂ ወይን ጠጅ አይጠጣም።

ሁለተኛው «ስኳር የለውም» የሚለው ነው። ልጅቷ እዚህ ላይ እውነት ብላለች፤ የወይኑ ስኳር ተብላልቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። (ከዚያው ደሴት የሚመጣው ቪንሳንቶ ግን ፍሬው ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚጠመቅ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነውና አትሳሳቱ።) ችግሩ ያ ስኳር ወዴት እንደሄደ ነው፤ ወደ አልኮል ተለውጧል። ይህ ዓይነቱ ወይን ጠጅ ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 14.5 በመቶ አልኮል አለው።

ጉበታችን በሌሊትና በጦም ሰዓት ስኳር ወደ ደም እየለቀቀ ያቆየናል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት እሱን በማጣራት ይጠመድና አዲስ ስኳር መሥራቱ ይዳከማል። ሰውየው ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ ከሆነ መድኃኒቱ በአንድ በኩል ስኳሩን ያወርደዋል፣ ጉበቱም በሌላ በኩል አይደርስለትም። አደጋው ሲጠጡ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንና በማግስቱ ጠዋትም አለ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ እንዲህ የመውረድ ዕድሉ ያነሰ ቢሆንም፣ ብዙ ሲጠጣ ደሙ በአሲድ ሊመረዝ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ምልክቱ ስካር መምሰሉ ነው፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ ከዚያ እንቅልፍ። በሥራ ዘመኔ አንድ አባት በማለዳ ተሸክመው አመጧቸው። ቤተሰቡ «ማታ ጠጥተው ነበር፣ ይተኙ ብለን ተውናቸው» አሉ። ስኳራቸው ሲለካ ከ40 በታች ነበር። ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጥቷቸው ነቁ። ጥቂት ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ለመናገር ይከብደኛል።

እንግዲህ ለጎረቤቴ የነገርኳቸው ይህን ነው። አልኮል የማይጠጣ ሰው ለጤና ብሎ አይጀምር፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ነፍሰ ጡርና የጉበት ሕመምተኛ ጨርሶ አይንኩት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሐኪሙ ከፈቀደለትም በባዶ ሆድ አይጠጣ፣ ከእንጀራው ጋር ከአንዲት ትንሽ ብርጭቆ አይለፍ፣ ከመተኛቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፣ አብሮት ለሚያድር ሰውም ይንገር።

ቤተሰብም ይህን ይወቅ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «የሰከረ» ሲመስላችሁ ስኳሩን ለኩ። መለኪያ ከሌለና መዋጥ ከቻለ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፣ ሲሻለው ምግብ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። «ተኝቶ ይነሳል» አትበሉ።